በጁዶ ምንጣፍ ላይ የተማርሁት



ጁዶ መማር ከጀመርሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይህን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ «አንተ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሆነህ ድብድብ ትማራለህን?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኔ መልስ ግን የይምሰል ነበር፤ «ለጤና ነው» ብዬ አለፍሁ። ዛሬ እውነተኛውን መልስ ልስጥ፤ ለዚህም የማፍርበትን አንድ ነገር ማውራት ግድ ይሆንብኛል።

አስቀድሞ ስለ ጁዶ ጥቂት ልበል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ጁዶን የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ የተባለ ጃፓናዊ መምህር ነው። በልጅነቱ አካሉ ደቃቃ ስለ ነበረ ትምህርት ቤት ውስጥ ጉልበተኞች ያጠቁት ነበር። ስለዚህም ጁጁትሱ የሚባለውን የጥንት የትግል ጥበብ ለመማር ተነሣ። በ1882፣ ዩኒቨርሲቲ በጨረሰ በዓመቱ፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ቶኪዮ ውስጥ በአንድ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ፣ 12 ምንጣፍ ብቻ በሚያዘረጋ ክፍል ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ሰው የሚጎዱትን አደገኛ ስልቶች ከነጻው ግጥሚያ አወጣቸው። «ጁ» ልስላሴ፣ «ዶ» መንገድ ማለት ነው። ካኖ ለትምህርቱ ሁለት መመሪያ አወጣለት፤ አንደኛው ኀይልን ሳያባክኑ በተገቢው ቦታ ማዋል፣ ሁለተኛው እኔም ባልንጀራዬም አብረን እንጠቀም የሚል ነው። ይህ ሁለተኛው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ መፈክር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ጁዶ የሚማር ሰው መጀመሪያ የሚማረው መጣልን ሳይሆን መውደቅን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ፊትም እየተንከባለልን ስንወድቅ አሳለፍን። አገጭ ወደ ደረት ይጠጋል፤ ጭንቅላት መሬት እንዳይመታ ነው። ክንድ ምንጣፉን በጥፊ ይመታል፤ ምቱ በአንድ ቦታ እንዳያርፍ፣ በሰፊው እንዲበተን ነው። እጅን ዘርግቶ መሬት ለመደገፍ መሞከር ግን ክልክል ነው፤ የሚሰበረውና የሚወልቀው በዚህ ነውና። እኔ ይህ ሁሉ አሰልችቶኝ ነበር። ለመውደቅማ ማን አስተማሪ ይፈልጋል!

ቀጥሎ መጣልን ስንማር አሠልጣኛችን አንድ ነገር ሁልጊዜ ይደጋግምልን ነበር። በቀኝ በኩል የሚጥል ሰው በግራ እጁ የባልንጀራውን እጅጌ ይይዛል፤ ያ ሰው ምንጣፉ ላይ እስኪያርፍ ድረስም አይለቅም። እጅጌው ከተያዘ ወዳቂው እጁን ሊዘረጋ አይችልም፤ ሰውነቱም ዞሮ በጎኑ በደኅና ያርፋል። እንግዲህ የወዳቂው ደኅንነት በጣዩ እጅ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በሁለተኛው ዓመት አንድ አዲስ ልጅ መጣ። በገጠር በትግል ያደገ፣ ትከሻው ሰፊ ነው። አንድ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ሊያዩኝ መጥተው ሳለ ያ ልጅ ሁለት ጊዜ አከታትሎ ጠልፎ ጣለኝ። ጓደኞቼ ሳቁ። እርሱ አልሳቀም፤ እንዲያውም እጁን ሰጥቶ አነሣኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። በሦስተኛው ዙር ከሥሩ ገብቼ በትከሻዬ ላይ አሳልፌ ጣልሁት፤ በአየር ላይ እንዳለም እጅጌውን ለቀቅሁት። አመለጠኝ አልልም፤ አውቄ ነው የለቀቅሁት። ልጁ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሊደገፍ ሞከረና ክርኑ ወለቀ።

አሠልጣኛችን አልጮኸብኝም። ሐኪም ቤት አብሬ እንድሄድ አደረገኝ፤ ከዚያም «ለአንድ ወር ማንንም አትጥልም፤ ትወድቃለህ ብቻ» አለኝ። በማግሥቱ ልጁን ልጠይቅ ወደ ቤቱ ሄድሁ። እናቱ ደግ ጓደኛ መስያቸው ቡና አፍልተው፣ ቁርስ አቅርበው፣ «የጣለው ማን ይሆን?» እያሉ አጫወቱኝ። ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ ዝም አለ። ያ ቡና እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ለእናቱ እውነቱን ነገርኋቸው።

በዚያ ወር ሁሉም እየተፈራረቁ ጣሉኝ። አንድ ነገር ያወቅሁት ያኔ ነው፦ የሰው ጠባይ ሲጥል ይታወቃል። በአንደበቱ ጨዋ የሆነ እጅጌ የሚለቅ አለ፤ ቁጡ የሚመስል ደግሞ እንደ ሕፃን ይዞ የሚያሳርፍ አለ።

ስለ ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች የሚተርኩ ጽሑፎችን ማንበብ የጀመርሁትም በዚያው ወር ነው። በ1964 ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ሲገባ፣ ሆላንዳዊው አንቶን ጊሲንክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን በዚያው በቶኪዮ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት አሸነፈው። የሆላንድ ደጋፊዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉ ጊሲንክ እጁን አንሥቶ አገዳቸው፤ ገና ለተሸናፊው እጅ አልነሣም ነበርና። በ1984 በሎስ አንጀለስ ደግሞ ጃፓናዊው ያሱሂሮ ያማሺታ በቀደመው ግጥሚያ ቀኝ እግሩን ተጎድቶ እያነከሰ ለፍጻሜ ቀረበ። ተጋጣሚው ግብፃዊው ሞሐመድ ራሽዋን ነበር። ያማሺታ አሸነፈ። ራሽዋን በኋላ የተጎዳውን እግር ዒላማ ማድረግ እንዳልፈለገ ተናግሯል፤ በዚህ የሚከራከሩ አሉ። እኔን የነካኝ ግን ከግጥሚያው በኋላ የሆነው ነው፤ ያማሺታ ሜዳልያውን ሊቀበል ወደ መድረኩ ሲወጣ ደግፎ ያወጣው ራሽዋን ነው። ወርቁን ያጣው ሰው!

ልጁ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ልምምድ ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ያህል ከሌሎች ጋር ብቻ ተለማመደ፤ አልፈረድሁበትም። በሦስተኛው ሳምንት ራሱ መጥቶ ፊቴ ቆመና እጅ ነሣ። ያንኑ በትከሻ መጣል እንድሠራ ጠየቀኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ጣልሁት፤ በጎኑ አረፈ። ተነሥቶ ቀበቶውን አስተካከለና «ግራ እጅህ አሁንም ትንሽ ላላ ይላል፤ እንደገና» አለኝ።