የመንገዱ ወጪ የማን ነው?

ካርቱም፣ ባሕሪና ኦምዱርማን ወንዝ የለያቸው፣ ድልድይ ያገናኛቸው ሦስት ከተሞች ናቸው። ከማኅበረሰባችን ብዙው ሰው በአንዱ አድሮ በሌላው ይሠራል። ጠዋት ከደይም ወይም ከጅሬፍ ተነስተን መሃል ከተማ ጃክሰን ማቆሚያ እንወርዳለን፤ ከዚያ ሌላ ሃፍላ ይዘን ድልድይ እንሻገራለን። ረዳቱ ጣቱን ሲያጮህ ሒሳብ እናወጣለን፤ መውረጃችን ሲደርስ ደግሞ እኛ ጣታችንን እናጮሃለን። ይህን ትንሹ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ ድጎማ ካነሳ ወዲህ ግን የትራንስፖርት ዋጋ ከደመወዛችን ቀድሞ ሮጧል። ሰው ቤት የምትሠራ እናት ወይም ምግብ ቤት የሚያስተናግድ ወንድም ወሩ ሲያልቅ ሲያሰሉት፣ የደመወዛቸው ትልቁ ክፍል መንገድ ላይ ቀርቷል። ሃፍላ ጠፍቶ ሲዘገዩ ደግሞ ከቀረው ላይ ይቆረጣል። አንዳንዱ ሥራውን እስከ መተው ይደርሳል። አቅም ያለው በግል መኪና ሲሄድ ደግሞ መንገዱ ይበልጥ ይጨናነቃል። ታዲያ ሠራተኛው በሕዝብ ትራንስፖርት ሳይቸገር እንዲመላለስ አሠሪው ምን ሊያደርግ ይችላል?

የሌሎች ልምድ

በአገራችን የፐብሊክ ሰርቪስ ሠራተኞች ትራንስፖርት አገልግሎት ድርጅት በ2006 ዓ.ም. ተቋቁሟል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኞች በአውቶቡሶቹ በነፃ ወደ ሥራ ይመላለሳሉ። እዚህ አሠሪው መንግሥት ነው፤ የሠራተኛውንም መንገድ የራሱ ጉዳይ አድርጎ ይዞታል።

በፈረንሳይ አሠሪ የሠራተኛውን የሕዝብ ትራንስፖርት የወር ቲኬት ግማሽ ዋጋ እንዲከፍል ሕግ ያስገድደዋል።

የብራዚል ሕግ ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሠራተኛው ለትራንስፖርት ከመነሻ ደመወዙ እስከ 6 በመቶ ያዋጣል፤ ከዚያ በላይ ያለውን አሠሪው ይሸፍናል። እስቲ በእኛ ሒሳብ እንሥራው። ደመወዝ 20,000 ፓውንድ፣ የደርሶ መልስ ሒሳብ በቀን 400 ፓውንድ፣ የሥራ ቀን በወር 26 ነው እንበል። የመንገዱ ወጪ 10,400 ፓውንድ ይሆናል፤ ይህም ከደመወዙ ግማሽ በላይ ነው። የደመወዙ 6 በመቶ 1,200 ፓውንድ ስለሆነ ቀሪውን 9,200 ፓውንድ አሠሪው ይከፍላል ማለት ነው።

በካርቱም ምን ይቻላል?

አንደኛ፣ የትራንስፖርት አበል ከደመወዝ ተለይቶ ይታሰብ። ታሪፍ በጨመረ ቁጥር አበሉም ይጨምር። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ለኃላፊዎች ነዳጅ ይሰጣል፤ በሃፍላ የሚመጣው ሠራተኛም የመንገዱ ድጋፍ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ይስተካከል። ከተማው ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲወጣ ሃፍላ አይገኝም። ግማሽ ሰዓት ማሸጋሸግ ለአሠሪው ብዙ ወጪ የለውም፤ ለሠራተኛው ግን የረጅም ጊዜ ቁመት ያድናል። በተለይ ሴቶች ሳይመሽ እንዲወጡ ቢደረግ በጨለማ ማቆሚያ ላይ ከመቆም ይድናሉ።

ሦስተኛ፣ ተርሒል የሚባለው የሠራተኛ ማመላለሻ ሁሉንም ከየቤቱ ባይሰበስብ እንኳ ከትልቁ ማቆሚያ እስከ ሥራ ቦታ ያድርስ። ጎረቤት የሆኑ ትናንሽ ድርጅቶች አንድ ሃፍላ በጋራ ሊከራዩ ይችላሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ!

አራተኛ፣ ድልድይ በተዘጋ ወይም ነዳጅ በጠፋ ቀን የዘገየ ሰው እንደ ጥፋተኛ አይቆጠር።

ይህ ሁሉ ለአሠሪው ምጽዋት አይደለም። ሁለት ሰዓት በፀሐይ ቆሞ የመጣ ሠራተኛ ገና ሳይጀምር ደክሟል፤ መንገዱ የቀለለለት ግን ሥራውን በሙሉ ጉልበቱ ይይዛል፣ ቶሎም አይለቅም። ከማኅበረሰባችንም ምግብ ቤት፣ ሱቅና ጽሕፈት ቤት ያላቸው አሠሪዎች አሉ። ትምህርት ቤታችንም መምህራንን የቀጠረ አሠሪ ነው። ስለዚህ ከሌላው ከመጠየቃችን በፊት ከራሳችን እንጀምር እንላለን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከቤተሰባችሁ አንድ ሠራተኛ በወር ለመንገድ ስንት ያወጣል? ከደመወዙ ስንት በመቶ ነው?
2. ከአራቱ ሐሳቦች ያለ ብዙ ወጪ ነገውኑ ሊጀመር የሚችለው የትኛው ነው? ለምን?
3. እናንተ አሠሪ ብትሆኑ በቅድሚያ የትኛውን ታደርጉ ነበር?