ኤች አይ ቪና የማስታወስ ኃይል

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ደምና ስለ አንጎል ሲጽፍ የሕክምና ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም። ይሁን እንጂ ነገሩ ማሰብንና ማስታወስን የሚነካ ስለ ሆነ እኛንም ያገባናል።

ብዙዎቻችን ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው የሰውነትን የመከላከያ ኃይል ብቻ ይመስለናል። ዳሩ ግን ቫይረሱ ሰውን በያዘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ አንጎል ይገባል። አንጎልን ከደም የሚለይ ጥብቅ አጥር አለ፤ ቫይረሱ ይህን አጥር የሚያልፈው በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተሸሽጎ ነው። ከገባም በኋላ በብዛት የሚሰፍረው በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ሳይሆን ማክሮፌጅና ማይክሮግሊያ በተባሉት የአንጎል ዘበኞች ውስጥ ነው። እንግዲህ ነርቮቹ ቫይረሱ ሳይዛቸው እንዴት ይጎዳሉ? የተቆጡት ዘበኞች ጠላትን ለመከላከል የሚያወጡት ቅመም፣ ለምሳሌ ቲ ኤን ኤፍ አልፋና ኪኖሊኒክ አሲድ፣ ከቫይረሱ ፕሮቲኖች ጋር ሆኖ ነርቮቹን ስለሚመርዝ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1996 ወዲህ፣ የተጣመሩት መድኃኒቶች ከመጡ በኋላ፣ ከባዱ የአእምሮ መዳከም እጅግ ቀንሶአል፤ ቀላሉ ግን አልጠፋም። መድኃኒቱ ቫይረሱን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ቢቀንሰውም የመከላከያው ኃይል ቁጣ ጨርሶ አይበርድም። ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ሲዲ 4 የተባሉት ሕዋሳት በጣም ያነሱበት ሰው ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

መድኃኒቱን መዋጥ የረሳ ሰው «ቸልተኛ» እየተባለ ሲገሠጽ ሰምቻለሁ። በእኔ አስተያየት ይህ ፍርድ የቸኮለ ነው። መርሳቱ ራሱ ከበሽታው የመጣ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ደግሞ ቫይረሱ ይራባል፣ መድኃኒቱንም ይለምዳል። ከቁጣው በፊት ሰውዬውን መመርመር ይገባል።

ምርመራውም ከባድ አይደለም። በ2005፣ በአገራችን መድኃኒቱ በነጻ መታደል በጀመረበት ዓመት፣ ጽሕፈት የማይጠይቅ ዓለም አቀፍ መመዘኛ ወጥቶአል። ተመርማሪው ጣቶቹን በፍጥነት ያጋጫል፤ እጁን በጠረጴዛ ላይ መጀመሪያ ጨብጦ፣ ቀጥሎ ዘርግቶ፣ ከዚያም በጎኑ አቁሞ ያፈራርቃል፤ በመጨረሻም ቀድሞ የተነገሩትን ውሻ፣ ባርኔጣ፣ ባቄላ፣ ቀይ የሚሉትን አራት ቃላት ይደግማል። ጠቅላላው 12 ነጥብ ነው፤ 10ና ከዚያ በታች ያገኘ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ቃሉን የረሳ ሰው ፍንጭ ተሰጥቶት ካስታወሰ ግማሽ ነጥብ ያገኛል። በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚቸግረው ቃሉን ፈልጎ ማውጣቱ ስለ ሆነ ፍንጭ ይረዳል። ለባቄላ የተመደበው ፍንጭ ግን «አትክልት» የሚል ነው! ባቄላን ከጥራጥሬ የሚቆጥር ያገራችን ገበሬ በዚህ ፍንጭ ጎመንና ድንች ቢያስብ ጥፋቱ የማን ነው?