ጃክሃመር ወደ ቱርሚ ከመጫንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በደቡብ ኦሞ ቱርሚ አካባቢ የውሃ መስመር ቦይ፣ የሎጅ መሠረት ወይም የድንጋይ ካባ ሥራ ይዘው ኤክስካቫተር ሊከራዩ ነው እንበል። አከራዩ «ትልቁን ጃክሃመር ይውሰዱ፣ ቶሎ ይጨርስልዎታል» ይልዎታል። አይቸኩሉ። ከማሽኑ አቅም በላይ የሆነ ጃክሃመር ድንጋዩን ሳይሰብር ቡሙን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ከአዲስ አበባ ያን ያህል ርቀው ሳሉ ደግሞ የተሰነጠቀ ቡም ማስበየድ ቀላል አይደለም።

ድንጋዩን አይተውታል? አዲስ አበባ የሠራ ኦፕሬተር እጁ የለመደው ጥቁር ድንጋይ ነው። ባዛልት ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰነጣጠቅ፣ ስንጥቁን ላገኘ ሰው በትልልቁ ይነሳል። ቱርሚ ዙሪያ ያሉት የሐመር ኮረብታዎች ግን በአብዛኛው ናይስና ግራናይት፣ ማለትም እጅግ ጥንታዊው የመሠረት አለት ናቸው። ጤነኛው አለት ጠንካራ ነው፤ በውስጡ ያለው ኳርትዝም የቺዝሉን ጫፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ደስ የሚለው ነገር፣ ናይስ ብዙ ጊዜ ነጭና ጥቁር መስመር አለው፤ ሽብልቅ ጫፍ ያለው ቺዝል በመስመሩ አቅጣጫ ሲገባ በንብርብሩ ይለቃል፤ መስመሩን አቋርጠው ቢመቱት ግን ዱቄት ብቻ ያወጣሉ። ተለይቶ የወደቀ ትልቅ ድንጋይ ለመፈርከስ ደፍጣጣው ጫፍ ይሻላል፤ ሹሉ ይንሸራተታል።

ስለዚህ ከኪራይ በፊት የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ላይኛው የበሰበሰ ክፍል በባልዲ ጥርስ የሚወጣ ከሆነ ጃክሃመሩ የሚያስፈልግዎ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ሥራዎ በካስኬ ወንዝ አሸዋ ላይ ወይም ወደ ኦሞራቴ ወርዶ በኦሞ ደለል ላይ ከሆነማ ገንዘብዎን ይቆጥቡ፤ እዚያ ባልዲ ይበቃል።

አሁን ወደ መጠኑ። በተለምዶ ጃክሃመሩ ከነማቀፊያውና ከነቺዝሉ የማሽኑን የሥራ ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ቢመዝን ይስማማል፤ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ችግር የለውም። እንደ ካት 320 ወይም ኮማትሱ ፒሲ 200 ላለ 20 ቶን ግድም ኤክስካቫተር ከ1.5 እስከ 2 ቶን የሚመዝን፣ የቺዝሉ ውፍረት ከ135 እስከ 150 ሚሊ ሜትር የሆነ ጃክሃመር ልኩ ነው። 30 ቶን ለሆነው ወደ 155 ሚሊ ሜትር ይወጣሉ። ከ12 እስከ 14 ቶን ላለው 100 ሚሊ ሜትር፣ ለባክሆ ሎደር ደግሞ 70 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ሻጭም ሆነ አከራይ ስለ ጃክሃመር ሲያወራ የቺዝሉን ውፍረት ስለሚጠራ ቁጥሩን ይያዙት፤ ጥርጣሬ ካደረብዎም ራስዎ በሜትር ይለኩት።

ሌላም መፈተሻ አለ። የማሽኑ ባልዲ ከነሙሉ ጭነቱ ስንት ይመዝናል? አንድ ሜትር ኪዩብ የሚይዝ ባልዲ ራሱ ወደ 0.9 ቶን፣ አፈሩ ወደ 1.6 ቶን ቢሆን በድምሩ 2.5 ቶን ነው። ጃክሃመሩ ከዚህ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ፣ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ወደ ጎን ሲዞር ማሽኑ ይንገዳገዳል፤ ቱርሚ ዙሪያ ደግሞ ዳገት ላይ መቆም አይቀርም። ረጅም ቡም ያለው ማሽን ከሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ጃክሃመር ይምረጡ።

ክብደቱ ገጠመ ማለት ዘይቱም ገጠመ ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ባለ 140 ሚሊ ሜትሩ መደብ በደቂቃ ከ120 እስከ 180 ሊትር ዘይት፣ ከ160 እስከ 180 ባር ግፊት ይፈልጋል። ካነሰው ምቱ ይቀዘቅዛል፤ ከበዛበት ፒስተኑ ካለ ልኩ ይሮጣል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ሲሎቹ ይበላሉ። ኦፕሬተሩ «ሁሉም ደህና ነው» ቢልዎም መካኒኩ ፍሎው ሜትር ገጥሞ፣ ዘይቱ ሞቆ እያለ ቁጥሩን እያዩት እንዲያነብልዎ ይጠይቁ። የመመለሻ መስመሩም በሰፊ ቱቦ፣ በፊልተር በኩል በቀጥታ ወደ ታንከር መግባት አለበት።

በሞቃት ወራት ቆላው ቀን ላይ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። በደጋ በ46 ቁጥር ዘይት ሲሠራ የነበረ ማሽን እዚህ በ68 ቁጥር ቢሠራ ይመረጣል፤ የአምራቹን ማኑዋል አስቀድመው ያመሳክሩ። የዘይቱ ሙቀት ከ80 ዲግሪ እንዳያልፍ የማቀዝቀዣው ራዲያተር ማለዳ ማለዳ ከአቧራ ይጽዳ። ከባዱን ሥራ ለጠዋትና ለአመሻሽ ማድረግ ይበጃል።

ጃክሃመሩ ያገለገለ ከሆነ ቺዝሉን በእጅዎ ወዲያና ወዲህ ይነቅንቁት፤ ከልክ በላይ ከተጫወተ ቡሺንጉ አልቋል። ከዚያ አንድ ድንጋይ ያስመቱና ሆዞቹን ይመልከቱ። እንደ ልባቸው የሚዘሉ ከሆነ የአኩሙሌተሩ ጋዝ ሳይጎድል አልቀረም። የሚሞላው ናይትሮጅን ብቻ ነው፤ ብየዳ ቤት ያለ ኦክስጅን ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ቱርሚ ደርሶ ናይትሮጅን ከመፈለግ ሲሊንደሩን ከነመሙያ ኪቱ አብሮ መጫን ይሻላል። ትርፍ ቺዝል፣ የቺዝል ፒኖች፣ አንድ የሲል ኪት፣ ሁለት ሆዝ እና የቺዝል ግሪስም ይጨመሩ። ግሪሱ ሥራ ላይ እያለ በየሁለት ሰዓቱ ይሰጣል፤ ጃክሃመሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ቺዝሉ ወደ ውስጥ ተጭኖ። ተንጠልጥሎ ከተሰጠው ግሪሱ ፒስተኑ ሥር ይጠራቀማል።

ጊዜውንም ያስቡበት። በደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ደረቅ የነበረው ወንዝ በአንድ ሌሊት ይሞላል፣ ሎቤዱም ከወንዙ ማዶ ይቀራል። ሰኞ የቱርሚ ገበያ ስለሆነ መንገዱ በሰውና በፍየል ይሞላል። ከመንገድ ዳር የሚሰብሩ ከሆነ ያን ቀን ለጥገና ይተዉት፤ ፍንጣሪ ሩቅ ይሄዳል። የኦፕሬተሩ መስታወት ፊት ለፊት የብረት ፍርግርግ ከሌለው ማሽኑን አይረከቡ።

በውሉ ላይ ሁለት ነገር ተጽፎ ካላዩ አይፈርሙ። አንደኛ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው በሞተሩ ነው ወይስ በሚመታበት ጊዜ? ሁለተኛ፣ ቺዝል ቢሰበር ማን ይከፍላል? አከራዩ «ተከራዩ» ካለ፣ ኦፕሬተሩ የእሱ ሰው እንደሆነ ያስታውሱትና ይህን አብረው ያስጽፉ፦ ቺዝሉን እንደ ድጅኖ ለመፈንቀል መጠቀም፣ ባዶ መምታት እና አንድ ቦታ ላይ ከ30 ሰከንድ በላይ መቆየት በኦፕሬተሩ ጥፋት ይቆጠራሉ፤ ወጪያቸውም የአከራዩ ነው።