ዘላቂነት በጤና ተቋማት የአመራር ቁጥጥር ውስጥ

የአንድ ጤና ተቋም ስትራቴጂያዊ ዕቅድ ሲገለጥ «ዘላቂነት» የሚለውን ቃል ከመግቢያው ላይ ማግኘት አያዳግትም። በዚያው ተቋም የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ግን ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ የታካሚዎች ቁጥር፣ ገቢ፣ ወጪና ከወጪ ቀሪ ተዘርዝሮ ያበቃል። የአመራር ቁጥጥር ማለት ዓላማን ከመለኪያ፣ መለኪያን ከበጀት፣ በጀትን ከኃላፊ የሚያስተሳስር ሥርዓት ነው። ከዚህ ትስስር ውጭ የቀረ ዓላማ የቱንም ያህል ቢወደስ ጠያቂ የለውም። ክሊኒክ ወይም ጤና ጣቢያ የሚያስተዳድር ሰበካ ጉባኤም ሆነ በተቋም ቦርድ ውስጥ የሚያገለግል ካህን ሊመረምረው የሚገባው እንግዲህ ዘላቂነት ከመግቢያው ወደ ሪፖርቱ ሰንጠረዥ የሚገባበትን መንገድ ነው።

ለዚህ ከመድኃኒት ቤት የተሻለ መነሻ የለም። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሦስት ጉዳት ያደርሳል፤ የተከፈለበት ገንዘብ ይባክናል፣ መድኃኒቱን ሊያገኝ ይችል የነበረ ሕመምተኛ ያጣዋል፣ በመጨረሻም በጥንቃቄ መወገድ ያለበት አደገኛ ቆሻሻ ይሆናል። በአገራችን ከአሥር ዓመታት በፊት በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተስፋፋው ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ሥርዓት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ አሠራር የገባው፣ የወጣው፣ በእጅ ያለውና የተበላሸው መድኃኒት በዓይነት ብቻ ሳይሆን በዋጋም ይታወቃል። ብክነቱ በብር ተጽፎ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ «ትንሽ ተበላሽቷል» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ቆሻሻውም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከጤና ተቋማት ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ ከቤት ቆሻሻ የማይለይ ሲሆን አደገኛ የሚባለው 15 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱ በአንድ ገንዳ ከተደባለቁ ግን ሁሉም እንደ አደገኛ ሊያዝ ግድ ይሆናል፤ ማቃጠያው ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ነዳጅ ይጨርሳል፣ ጭሱም ጎረቤትን ይበክላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ አንድ ሚዛንና አንድ ደብተር። በየዕለቱ ቢጫው ገንዳ ስንት ኪሎ እንደያዘ የሚመዘግበው የጽዳት ሠራተኛ፣ ተቋሙን ከሒሳብ ሹሙ ባላነሰ ያውቀዋል ቢባል ማጋነን አይደለም።

መለካት ያልታሰበውንም ይገልጣል። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ዴስፍሉሬን የተባለውን የማደንዘዣ ጋዝ ከሆስፒታሎቿ አገልግሎት አስወጥታለች። ጋዙ አየርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,500 እጥፍ ያህል መሆኑ ታውቆ፣ ጉዳቱ ያነሰ ምትክም ስለነበረ ነው። ለገጠር ክሊኒክ ጋዙ ራሱ ጉዳይ ላይሆን ይችላል፤ የእኛ ትልቁ ጉዳት የት እንዳለም የሚታወቀው ግን በልኬት ነው።

መለኪያ ሲመረጥ ጥንቃቄ ያሻል። የመብራት ወጪ በመቀነሱ ብቻ የሚመሰገን ተቋም የክትባት ማቀዝቀዣውን ሊያጠፋ ይችላል። የቢጫው ገንዳ ክብደት በመቀነሱ ብቻ የሚመሰገንም መርፌና ደም የነካውን ፋሻ በጥቁሩ ገንዳ ሊጥል ይችላል፤ ይህ ከቀድሞው የከፋ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የቁጠባ መለኪያ የደኅንነት ጓደኛ ያስፈልገዋል፤ ከመብራት ወጪው ጎን ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መቆየቱ፣ ከቢጫው ክብደት ጎን የጥቁሩ ገንዳ ድንገተኛ ፍተሻ ውጤት ይጻፍ።

ከሁሉ የሚከብደው የጊዜ ጉዳይ ነው። በጀት ለአንድ ዓመት ይጸድቃል፤ መሣሪያ ግን ብዙ ዓመት ያገለግላል። በእርዳታ የተገኘ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሲመረቅ ደስታ ነው፤ ባትሪው ሲደክም ግን የሚተካበት ገንዘብ በማንም በጀት ውስጥ አይገኝም። ለአብነት ያህል፣ 400,000 ብር የሚያወጣ ባትሪ አምስት ዓመት ያገለግላል ብንል፣ በየሩብ ዓመቱ 20,000 ብር መቀመጥ አለበት። ገንዘቡ በእርግጥ ካልተቀመጠ የእርጅና ተቀናሹ በሒሳብ መዝገብ ላይ መጻፉ ብቻውን ባትሪ አይገዛም። ዋጋም ስለሚንር ተቀማጩ በየዓመቱ ከገበያው ጋር እየተነጻጸረ መስተካከል ይኖርበታል። በዚህ ስሌት «ትርፍ አገኘን» የሚሉ አንዳንድ ተቋማት በእውነቱ የነገ ባትሪያቸውን እየበሉ መሆናቸው ይገለጣል።

ይህን ለመጀመር አዲስ ክፍልም አማካሪም አያሻም። አሁን ባለው የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ በብር የተተመነ የተበላሸ መድኃኒት፣ የአደገኛ ቆሻሻ ክብደት ለመቶ ታካሚ፣ ለመሣሪያ መተኪያ የተቀመጠ ገንዘብ የሚሉ ሦስት ረድፎች ከደኅንነት ጓደኞቻቸው ጋር ይጨመሩ። ከየረድፉም አጠገብ የኃላፊው ስም ይጻፍ፤ «ሁሉም ሠራተኛ» ተብሎ ከተጻፈ ረድፉ ባዶ እንደሆነ ይቆጠር። ቦርዱም ሪፖርቱን ሲቀበል ከገቢው በፊት እነዚህን ያንብብ።