ሕፃን ልጄን መናፈሻ ብወስደው ይታመምብኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ ትንሹን ልጃችንን እሁድ እሁድ ወዳጅነት ፓርክ ወይም አንበሳ ግቢ እንውሰደው እያለ ይጨቀጭቀኛል። እናቴ ደግሞ ምች ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል፣ ብርድ ይገባዋል ትላለች። በፋሲካ ሰሞን አንድ ቀን ይዘነው ወጥተን የዚያኑ ዕለት ማታ አተኮሰው፤ እናቴ ዳማ ከሴ ጨምቃ በአፍንጫው ጠብ ስታደርግለት በሁለተኛው ቀን ተሻለው። ከዚያ ወዲህ አላወጣሁትም። ፀሐይ እንዲያገኝ ግን ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ዘግቼ አጠገቡ አስቀምጠዋለሁ። 1 ዓመት ከ7 ወር ሆኖታል፤ ገና ብቻውን አይሄድም፣ ሲተኛም ጭንቅላቱን ያልበዋል። ትልቋ የ6 ዓመት ልጄ አምና ከሸርተቴ ወድቃ ወጌሻ አሽቷት ድናለች፤ ክርኗ ብቻ እንደ በፊቱ አይዘረጋም። በእነሱ ላይ የደረሰውን ሳስብ ይጨንቀኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ስለ መናፈሻ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን መሃል ላይ እንደዋዛ ጣል ያደረግሽው ነው። 1 ዓመት ከ7 ወር የሆነው ልጅ ብቻውን አይሄድም፤ ጭንቅላቱን ያልበዋል። ከዚህ እንጀምር፤ መናፈሻው የትም አይሄድም።

ልጆች በአንድ ቀን አይራመዱም። ዓመት ሳይሞላው ድክ ድክ የሚል አለ፤ ዓመት ከመንፈቅ ሊደፍን ሲል የሚነሣም አለ። 18 ወር አልፎት ብቻውን ያልተራመደ ልጅ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። «አባቱም ዘግይቶ ነው የሄደው» የሚባለው ወሬ ምርመራን አይተካም። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ከፎቅ ለማይወርድና ጭንቅላቱን ለሚያልበው የአዲስ አበባ ልጅ ግን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሪኬትስን ነው። የቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንቱን ያለሰልሰዋል፤ የእጅ አንጓው ያብጣል፣ እርግብግቢቱ ሳይገጥም ይቆያል፣ ጥርሱ ይዘገያል፣ ሲቆም እግሩ ይጎብጣል።

በ13 ወር ፀጋ አገር ልጅ ፀሐይ አጥቶ አጥንቱ ይለሰልሳል ብል የሚስቁብኝ አሉ። ፀሐይዋ አለች፤ ልጁ ነው የሌለው። ዓይን እንዳይበላው ይሸፈናል፣ ብርድ እንዳይገባው ይጠቀለላል፣ ሞግዚት ቴሌቪዥን ከፍታ ታስቀምጠዋለች። አንቺ ደግሞ በመስታወት ጀርባ ታሞቂዋለሽ። የመስኮት መስታወት ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር ስለሚያስቀረው ልጁ የሚያገኘው ሙቀቱን ብቻ ነው። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ የሚወጣው ለስላሳ ፀሐይም ብዙ አይጠቅመውም። 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ፊቱ፣ እጁና እግሩ ተገልጦ ይውጣ፤ ቀትር ላይ ጥላ ይግባ፣ ባርኔጣም ይደረግለት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ 3,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር የፀሐይዋ ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይበረታል። እንጦጦ ፓርክ ብርድ ነው ብላችሁ ልጁን በሹራብ ስትጠቀልሉ ፊቱ ተቃጥሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

እናትሽ የፈራችው የሳንባ ምች ከሆነ አንድ ነገር ንገሪያት። በአዲስ አበባ ሕፃናት ላይ በዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቹ ተሠርቶ በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። በሳንባ ምች ከታመሙት ሕፃናት መካከል ሪኬትስ የተገኘው ካልታመሙት ጋር ሲነጻጸር በ13 እጥፍ ያህል በላቀ ሁኔታ ነው። ልጁን ቤት ዘግታ ያዳነችው ከመሰላት ገና ማሰብ አለባት።

ሪኬትስ ከሆነ ይድናል። ግን ስሚኝ፦ በቫይታሚን ዲ ጠብታ የሚሰጠው ሕክምና ቢያንስ 3 ወር ይወስዳል፤ ካልሲየምም ይጨመርበታል። እኔ ዘንድ የሚመጡ እናቶች ጠብታውን የሚያቆሙት ልጁ ሁለት እርምጃ የሄደ ዕለት ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሄደልኝ» ብለው ጠርሙሱን ቁም ሣጥን ላይ ይሰቅሉታል፤ ከወራት በኋላ እግሩ ጎብጦ ይመልሱታል። ሌሎቹ ደግሞ ቸኩለው አንዱ ክሊኒክ የወጋውን ከፍተኛ መጠን ያለው የቫይታሚን መርፌ ሳይናገሩ ሌላ ክሊኒክ ሄደው ያስደግማሉ። ቫይታሚን ነው ተብሎ አይናቅም፤ ከልኩ ሲያልፍ ኩላሊት ይጎዳል። በሽታ ለሌለበት ሕፃን መከላከያው በቀን 400 ዩኒት ነው፤ ዓመት ካለፈው 600።

ወደ ምች እንምጣ። ልጁ ወጥቶ የዚያኑ ማታ ካተኮሰው ጉንፋኑ ከመናፈሻው የመጣ አይመስለኝም፤ ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ትኩሳት እስኪያመጣ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈጅበታል። ምናልባት ቤት የመጣ ዘመድ ስሞት ይሆናል። በሁለተኛው ቀን የተሻለውም እንዲህ ያለው ትኩሳት በራሱ ጊዜ ስለሚለቅ ነው። ዳማ ከሴን አልሰድብም፤ ሽታውን እኔም እወደዋለሁ። በሕፃን አፍንጫ የሚጨመር ጭማቂ ግን ትን ብሎ ሳንባ ይገባል፤ ያኔ ያልነበረ በሽታ ተፈጠረ ማለት ነው። ቅጠሉ እዚያው አትክልቱ ስፍራ ይቆይ።

ከሁሉ የሚብሰው «ምች ነው» ተብሎ የሚባክነው ቀን ነው። የሚያተኩሰው ልጅ ጡት ወይም ምግብ እምቢ ካለ፣ የዋጠውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ካልነቃ፣ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ትንፋሹን ደረቱን ገልጠሽ፣ ሳያለቅስ፣ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ፦ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50 ከሞላ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40 ከሞላ ፈጣን ነው። አሞክሲሲሊን ከታዘዘለትም እስከ መጨረሻው ይውሰደው። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ሲለቅ የተረፈውን ለወንድሙ ጉንፋን የምታስቀምጡ ሰዎች፣ እባካችሁ።

በዓይን ጉዳይ ከእናትሽ ጋር አልከራከርም። አንገቱ ላይ የሚታሰረው ግን አጭር ይሁን። ረጅም ክር፣ የጃኬት ገመድ፣ ሻርፕ ሸርተቴ ወይም ዥዋዥዌ ላይ ተይዞ ልጅ ያንቃል። ማተቡንም አሳጥሪለት።

አሁን ስለ ትልቋ ልጅሽ። «ድናለች፤ ክርኗ ብቻ አይዘረጋም» ብለሽ ጽፈሻል። እህቴ፣ ያልተዘረጋ ክርን አልዳነም! ልጅ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬት ይደግፋል፤ ጉልበቱ ሁሉ ክርኑ ላይ ያርፍና ከክርን ከፍ ብሎ ያለው የክንድ አጥንት ይሰበራል። በዚህ ዕድሜ ከሚያጋጥሙት የክርን ስብራቶች ዋነኛው ይኼ ነው። በዚያ ቦታ ወደ እጅ የሚወርደው የደም ሥርና ነርቭ በአጥንቱ ፊት ለፊት ያልፋሉ። ወለምታ ነው ብሎ ማሸት ማለት የተሰበረውን ስለታም አጥንት በእነሱ ላይ ማመላለስ ነው። ቀጥሎ ቀርቀሃ ይታሰራል፣ ጠበቅ ተደርጎ። ክንዱ ሲያብጥ እስሩ አብሮ አይሰፋም፤ ደም መሄዱን ያቆማል። ልጁ ሌሊቱን ሲጮኽ «የሚያመው ሊድን ሲል ነው፣ አትፍቱት» ይባላል። ጠዋት ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል፣ ጠቁረዋል። በአገራችን ሆስፒታሎች እጃቸው ከሚቆረጥ ሕፃናት ውስጥ በወጌሻ እስር የተነሳ ጋንግሪን ይዟቸው የሚመጡ እንዳሉ ማንኛውም የአጥንት ሐኪም ይነግርሻል።

ወጌሻው ክፉ ሰው አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግ አዛውንት ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅ ይሆናል። ነገር ግን ራጅ የለውም። ያልተሰበረውን ሲያሽ ይድናል፤ ዝናው የተገነባው በእነዚያ ነው።

ስለዚህ ልጅ ወድቆ እጁን ካላንቀሳቀሰ ወይም ክንዱ ካበጠ፣ ባለበት አኳኋን በነጠላ ወይም በሻርፕ ከደረቱ ጋር ደግፋችሁ ራጅ ወዳለበት ቦታ ውሰዱት። አትሹት፣ አትጎትቱት፣ ቅቤም አታድርጉበት። ጄሶ ከተደረገለት በኋላም ሕመሙ ከባሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ በሌሊትም ቢሆን ተመለሱ። ጄሶውን ያሳክከዋል ብላችሁ ቤት ውስጥ በመቀስ አትቅደዱት። ልጅሽን የአጥንት ሐኪም ይያት፤ ዓመት ቢያልፍም የሚደረግላት ነገር ሊኖር ይችላል።

ሁለት ሌሎች ጉዳቶችን ወላጅ ራሱ ነው የሚያመጣቸው። አንደኛው፣ ሕፃኑን ጭን ላይ አስቀምጦ በሸርተቴ አብሮ መውረድ ነው። ፍቅር ይመስላል። የልጁ ጫማ ጠርዙን ሲይዘው የአባትየው ክብደት ወደ ታች ይገፋል፤ ቅልጥሙ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ብቻውን መንሸራተት ካልቻለ ለሸርተቴ አልደረሰም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ «አልሄድም» ብሎ የተቀመጠውን ልጅ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ማንሣት ነው። ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉት ላይ የክርን አጥንት ከቦታው ሸርተት ይላል፤ ልጁ እጁን አንጠልጥሎ ያለቅሳል። ሐኪም በደቂቃ ይመልሰዋል። በብብቱ ሥር ይዛችሁ አንሡት፤ ይንፈራገጥ፣ ችግር የለም።

ደግሞ ቆሎ። መናፈሻ በር ላይ ለውዝና ቆሎ ይገዛል፣ ልጁ እየሮጠ ይቅማል። 4 ዓመት ላልሞላው ልጅ ለውዝ፣ ቆሎም ሆነ ከረሜላ አይሰጥም፤ ማንም ልጅ ደግሞ እየሮጠ አይብላ። ትን ብሎት አጥብቆ ከሳለ ተዉት ይሳል፤ ጣት ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ፣ ውኃም አታጠጡ። መሳልም ማልቀስም ካቃተው ግን ዓመት ያልሞላውን ክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ ጀርባውን 5 ጊዜ ምቱ፣ ገልብጣችሁ በሁለት ጣት የደረቱን መካከል 5 ጊዜ ተጫኑ፣ ደጋግሙት፤ ከዓመት በላይ የሆነውን ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ግፉ። ተርፎ ቢጫወትም ይታይ። ለውዟ አንዱ ሳንባ ውስጥ ተቀምጣ «ብርድ ነው፣ አስም ነው» እየተባለ ስንት ሽሮፕ የሚጠጣ ልጅ አለ።

ሌሎቹን ስጋቶች ባጭሩ ልለፋቸው። አፈር መቆርጠም? አትምቺው፤ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ አስመርምሪው። የሆድ ትል? ጫማ፣ ሳሙና፣ የታጠበ እጅ፤ በየ6 ወሩ የሚሰጠውም መድኃኒት አይለፈው።

ውሻ ግን በአንድ መስመር አይታለፍም። በየሰፈሩ ሜዳ ባለቤት የሌላቸው ውሾች አሉ፤ ሕፃን ደግሞ ቡችላ ሲያይ ይሮጥለታል። ከነከሰው ወይም ከቧጨረው ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ሰዓት እያያችሁ። ወዲያው ጤና ተቋም ሂዱ። በርበሬ፣ ቡና፣ የባሕል መድኃኒት አትነስንሱበት። ጸበል ውሰዱት፤ መጀመሪያ ግን ክትባቱን ይጀምር። «ቁስሉ ደርቋል» ብላችሁ የቀሩትን መርፌዎች አትተዉ፤ ክትባቱ የሚሰጠው ለቁስሉ ሳይሆን ወደ አንጎል ለሚጓዘው ቫይረስ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ለዚህ ነው በየቀጠሮው መገኘት የማልደራደርበት።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ሳበቃ «እንግዲያስ ቤት ይሻላል» እንዳትዪኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፤ ዓመት ከምናምን ላለ ልጅ ስልክና ቴሌቪዥን ጭራሽ አይመከርም። ኮሪደር ላይ 180 ደቂቃ የሚሮጥ ልጅ አላየሁም። የወዳጅነት ፓርክ ከራቀ የሰፈራችሁ ሣር ይበቃል። ትንሹን በዚህ ሳምንት አስመርምሪው፤ ሐኪሙ አጥንቱን እስኪያይ ሸርተቴ ላይ አታውጪው፣ ሣር ላይ ግን ይዳህ።

መናፈሻ ለምታስተዳድሩና ለኮንዶሚኒየም ማኅበራት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ልጅ መውደቁ አይቀርም፤ የጉዳቱን ክብደት የሚወስነው የወደቀበት ከፍታና የሚያርፍበት መሬት ነው። ከሸርተቴውና ከዥዋዥዌው ሥር ያለውን ሲሚንቶ አንሥታችሁ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ አሸዋ አድርጉበት፤ አጠገቡም የሚሠራ የውኃ ቧንቧና ሳሙና ይኑር።