ስለ ትንሿ ዲጂታል ካሜራ፦ ቀለሟ፣ ጠባይዋና አያያዟ

በኪስ የምትያዝ ዲጂታል ካሜራ ለማኅበር መጽሔት ትምህርት የምትሆን ነገር አትመስል ይሆናል። ነገር ግን በቤይሩትና በዙሪያዋ ለምንገኝ ኢትዮጵያውያን ፎቶግራፍ ሁለት ከባድ ሥራዎች አሉት። አንደኛው ለዓመታት ያልተያዩ እናትና ልጅን ማገናኘት ነው። ሁለተኛው ማስረጃ መሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም ደቻሳ በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ በግድ ወደ መኪና ስትጎተት የተነሣው ቪዲዮ በቴሌቪዥን በመታየቱ ነው ጉዳይዋ በዓለም ዘንድ ሊታወቅ የቻለው። በዚያው ዓመት ማርች 14 ቀን በሆስፒታል ሕይወቷ አልፏል።

እኛ የሕክምና ተማሪዎች ሱቅ ኤል አሐድ ከተባለው የእሑድ ገበያ በተገዛች አሮጌ ካሜራ ስንሠራ ቆይተናል። ከዚህ ሥራ የተረዳነው ዋና ነገር ካሜራ ቀለምን የምታገኘው በግምት መሆኑን ነው። ግምቷን የማያውቅ ሰው የወገኑን ፊት ያጠፋል፤ ቁስሉንም ሳያስበው ይደብቃል።

፩. ቀለም ከየት ይመጣል?

በካሜራዋ ውስጥ በፊልም ፈንታ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሴንሰር አለ። ሴንሰሩ የብርሃንን ብዛት እንጂ ቀለምን አይለይም። ስለዚህ በላዩ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎች እንደ ዳማ ገበታ ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቦቹ ቀይ፣ የቀሩት ሩቦች ሰማያዊ ናቸው። ይህን አደራደር የፈለሰፈው የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር ሲሆን የፈጠራ መብቱ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቀለም ብቻ ስለሚለካ የቀሩትን ሁለት ቀለሞች ካሜራዋ ከጎረቤት ነጥቦች አስልታ ትሞላለች።

ቀጥሎም የብርሃኑን ዓይነት ትገምታለች። የቢጫ አምፖል ብርሃን 2,700 ኬልቪን፣ የቀትር ፀሐይ ደግሞ 5,500 ኬልቪን ገደማ ነው፤ ጥላ ከ7,000 በላይ ሊደርስና ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ይችላል። በቡርጅ ሐሙድ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ የመስኮቱ ብርሃንና በሰፈር ጄኔሬተር የሚበራው አምፖል ሲገናኙ ካሜራዋ ለአንዱ ስታስተካክል ሌላውን ታበላሻለች። በቢጫ አምፖል ሥር የተነሣ ጤነኛ ዓይን የጉበት ሕመምተኛ ዓይን ይመስላል፤ ካሜራዋ ቢጫውን ስታርም ደግሞ እውነተኛውን የዓይን ቢጫነት ልታጠፋው ትችላለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አንድ ዓይነት ብርሃን ብቻ መተው፣ በዚያው ብርሃን ሥር ነጭ ወረቀት ለካሜራዋ አሳይቶ የነጭ ማስተካከያውን በእጅ መሙላት።

፪. ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት

የካሜራዋ የብርሃን መለኪያ ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይነሣል። በእሑድ ከቤተ ክርስቲያን የወጡ እኅቶች በነጭ ነጠላ ተሰልፈው ሲነሡ መለኪያው ብርሃኑ በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱም ጥላ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የብርሃን ማካካሻውን ወደ +0.7 ወይም ወደ +1 ማድረስ ያስፈልጋል፤ +1 ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው።

ነገሩ የሒሳብ ብቻ ሳይሆን ታሪክም አለበት። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያቀርበው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ «ሸርሊ» የሚባል፣ የነጭ ሴት ምስል ያለበት ነበር። የሰው ቆዳ ሁሉ በዚያች ሴት ቆዳ ይለካ ነበር ማለት ነው። የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች የታዩበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው።

ፍላሽም ቢሆን በጥንቃቄ ይያዝ። በትናንሽ ካሜራዎች ኃይሉ ከጥቂት ሜትር አያልፍም፤ ግንባርን ያብለጨልጫል፣ ጀርባውን ያጨልማል። በፍላሽ የዓይን ብሌን ቀልቶ የሚወጣው ብርሃኑ ከዓይን ጀርባ ካለው ደም ስለሚንጸባረቅ ነው። የሕፃን ብሌን ግን በተደጋጋሚ ነጭ ሆኖ ከታየ ሳይዘገይ ወደ ዓይን ሐኪም መውሰድ ይገባል፤ ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የዓይን ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላልና።

፫. ጉዳትን ስለ ማንሣት

በጠይም ቆዳ ላይ የድብደባ ምልክት እንደ መማሪያ መጻሕፍቱ ሥዕል ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ሊመስል ይችላል። በጨለመ ፎቶግራፍ ላይ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ፦

ሀ. ቆዳን የሚያለሰልሰውንና ውበት የሚጨምረውን ማስተካከያ ማጥፋት።
ለ. በመስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ካሜራዋን ከቆዳው ፊት ቀጥ አድርጎ መያዝ።
ሐ. ሦስት ማንሣት፦ አንድ ከሩቅ፣ አንድ ከመካከል፣ አንድ ከቅርብ። በቅርቡ ላይ ማስመሪያና ነጭ ወረቀት አብሮ ይታይ።
መ. ከሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ። በካፋላ ሥርዓት የአንዲት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ያለ ፈቃዷ የተሰራጨ ፎቶግራፍ ሊጎዳት ይችላል።

፬. ሌሎች ጠባዮቿ

የብዙዎቹ ትናንሽ ካሜራዎች ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። በጨለማ ስሜቱ ከፍ ሲደረግ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ስለዚህ ካሜራዋን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ማንሣት ይሻላል። ቁልፉን በግማሽ ተጭኖ ሌንሱ እስኪያነጣጥር መጠበቅ፣ ከዚያ መጨረስ ነው። ፊትን በጣም ቀርቦ ማንሣት አፍንጫን ያገዝፋል፤ ራቅ ብሎ ሌንሱን በመጠኑ ማስረዘም ይሻላል። በነሐሴ ሙቀት ቀዝቃዛ አየር ካለበት ቤት ወደ ኮርኒሽ ሲወጣ ሌንሱ ላይ ጉም ይይዛል፤ ካሜራዋን በቦርሳ ውስጥ ጥቂት ማቆየት ነው።

ሰዓቷንም መፈተሽ ያስፈልጋል። ባትሪዋ ለረጅም ጊዜ ከወጣ ቀኗን ትረሳለች፤ የእኛ የጠዋት 2 ሰዓት ደግሞ በእርሷ 8፡00 ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 በሊባኖስ የበጋ ሰዓት አጀማመር ሲያከራክር አገሪቱ ለጥቂት ጊዜ በሁለት ሰዓት መሥራቷ ይታወሳል። ስለዚህ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው በወረቀት ላይም ይጻፍ።

በመጨረሻም ፎቶግራፉ ከመሰጠቱ በፊት ለተነሣችው ሰው በካሜራዋ መስታወት ላይ ይታያት፤ «ይህ ያንቺ መልክ ነው ወይ?» ተብላም ትጠየቅ። አይደለም ካለች ብርሃኑ ይስተካከልና እንደገና ትነሣ። የገዛ ቀለሟን ከማንኛውም መለኪያ ይልቅ የምታውቀው እርሷ ናት።