ስለ ተውኔት ቃላት ጥቂት ማስገንዘቢያ

ለበዓል የምናዘጋጃቸው ድራማዎች ብዙ ጊዜ ልብሰ ተውኔት የለበሰ ስብከት ይሆናሉ። ይህም የሙያውን መሠረታዊ ቃላት ካለመለየት የመጣ ይመስለኛል። ስለዚህ ጥቂቶቹን ሁላችንም በምናውቀው በአቡነ ጴጥሮስ ታሪክ እንመልከት። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1961 ዓ.ም. «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በሚል ርእስ ተውኔት ያደረገው ይህንኑ ታሪክ ነው።

«ተውኔት» ከግእዙ «ተዋነየ» የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ ተጫወተ ማለት ነው። የሚጽፈው ጸሐፌ ተውኔት፣ የሚያሰናዳው አዘጋጅ፣ የሚጫወተው ተዋናይ ይባላል። ትልቁ ክፍል ገቢር፣ በውስጡ ያለው ንዑስ ክፍል ትዕይንት ነው።

መቼት «መቼ» እና «የት» የተጋጠሙበት ቃል ነው (ነፋስና ስልክ ተጋጥመው ሰፈራችንን እንደ ሰየሙት)። በዚህ ታሪክ መቼቱ አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 1928 ዓ.ም. ነው።

ሴራ ሲባል አድማ የሚመስለው አለ። በተውኔት ግን ሴራ ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት የሚያያዙበት ገመድ ነው። «ጠላት ከተማይቱን ያዘ፤ አቡነ ጴጥሮስ ተገደሉ» ብንል ወሬ ነገርን እንጂ ሴራ አልሠራንም። ጠላት ከተማይቱን ስለ ያዘ አርበኞች ሊያስለቅቁ ዘመቱ፤ አቡኑም ከአርበኞች ጋር ስለ ነበሩ በጠላት እጅ ወደቁ፤ አርበኞችን እንዲያወግዙ ቢጠየቁም እምቢ ስላሉ ሐምሌ 22 ቀን በጥይት ተደበደቡ። አሁን አንዱ ሌላውን ይስባል።

የሴራው ሞተር ግጭት ነው። እኛ የምንደክመው ከዚህ ላይ ነው። ግጭት ጩኸትና ድብድብ ብቻ አይደለም፤ ሰው ከራሱ ጋር የሚያደርገው ትግልም ግጭት ነው። ሞትን ከቶ የማይፈራ ሰማዕት በመድረክ ላይ ሐውልት ይሆናል። ፍርሃቱን አይተን ከዚያ በላይ መቆሙን ስናይ ግን ልባችን ይነካል። ለጠላት ገጸ ባሕርይም ደካማ ቃል አንስጠው። «አንዲት ቃል ብቻ ተናገርና ሕይወትህን አትርፍ» የሚለው ፈታኝ ቃሉ ጣፋጭ ካልሆነ፣ እምቢታው ምን ክብደት ይኖረዋል?

ጭብጥ ተመልካች ጨብጦ የሚሄደው ዋና አሳብ ነው። በድርጊቱ ውስጥ ካልታየ፣ በመጨረሻ አንዱ ወጥቶ ቢያብራራው አይጠቅምም። ሰዎች የሚለዋወጡት ንግግር ቃለ ተውኔት ሲሆን፣ አንዱ ብቻውን ልቡን የሚገልጥበት ደግሞ መነባንብ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ መነባንብን ቢያሳጥር ይሻለዋል፤ ውሳኔው ሊቆረጥ ሲል ብቻ ቢያስገባው።